ከደመወዝ ወደ ቡና፦ የመልቀቂያ ደብዳቤው በየትኛው ወር ይግባ?

ጅሬን ማዶ (ጠያቂ)
መጋቢት 9፣ ማታ 2፡15

ሰላም የመድረኩ ሰዎች። «ሥራ ይለቀቅ ወይስ አይለቀቅ» የሚለውን ከባለቤቴ ጋር ተመካክረን ጨርሰናል። የቀረን «መቼ» የሚለው ነው። ቁጥሩን እንዳለ አስቀምጣለሁ፤ ሳትሳሱ ፈትሹት።

ጅማ ከተማ፣ የግል ድርጅት፣ ያልተጣራ ደመወዝ 16,500 ብር። አምስት ዓመት የሚሞላው በመጪው ጥቅምት 12 ነው። የሁለት ዓመት ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድ አለ። የቤት ወጪ በወር 17,000 ብር ሲሆን 7,000ውን የባለቤቴ ደመወዝ ይሸፍናል። ባንክ ውስጥ 380,000 ብር አለ። ዕቁብ በወር 5,000 ብር፣ 12 ሰው፣ ጥር ላይ ያልቃል፤ ዕጣው ገና አልወጣልንም። ሁለት ተማሪ ልጆች። ዕቅዱ ከጎማና ከማና ወረዳ ቀይ እሸት ቡና ገዝቶ በአልጋ (ከመሬት ከፍ ባለ ማድረቂያ) ማድረቅና ለአቅራቢ (ቡና ሰብስቦ ወደ ገበያ ለሚያቀርብ ነጋዴ) መሸጥ ነው። ነሐሴ መጨረሻ ለቅቄ መስከረምን ለዝግጅት ላውለው አስቤያለሁ። ስህተቱ የቱ ጋ ነው?


ሒሳብ ክፍል
መጋቢት 9፣ ማታ 3፡40

ወንድሜ፣ ቁጥሩን ዘርዝረህ ስላመጣህ ተባረክ። የመጀመሪያው ስህተት ነሐሴ መጨረሻ የሚለው ቀን ራሱ ነው።

የግል ድርጅት ሠራተኛን የሚገዛው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። በገዛ ፈቃዱ የሚለቅ ሠራተኛ የሥራ ስንብት ክፍያ የሚያገኘው ቢያንስ 5 ዓመት ካገለገለ ነው፤ ያውም ድርጅቱ አስተምሮት ወይም አሠልጥኖት «ይህን ያህል ዓመት አገለግላለሁ» ብሎ የፈረመው ውል ከሌለ። ነሐሴ መጨረሻ ከወጣህ አምስቱ ዓመት ሊሞላ ስድስት ሳምንት ገደማ ይቀረዋል። ስሌቱ ይኸው፦ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ። 16,500 ሲደመር 4 ጊዜ 5,500፣ በድምሩ 38,500 ብር፣ ግብሩ ሳይነሳ። በስድስት ሳምንት ችኮላ ይህን ያህል ገንዘብ አይጣልም።

ማስጠንቀቂያው 30 ቀን ነው፣ በጽሑፍ። ሳያስጠነቅቅ የወጣ ሠራተኛ እስከ 30 ቀን ደመወዝ ድረስ ካሣ ሊጠየቅ ይችላል፤ የሚቆረጠውም ከሚከፈለው ላይ ነው። ስለዚህ ደብዳቤው መስከረም 15 ቢገባ የመጨረሻው ቀን ጥቅምት 15 ይሆናል፤ አምስቱን ዓመት በሦስት ቀን ያልፋል። ሦስት ቀን ጠባብ ነው። የቅጥርህን ደብዳቤ አውጥተህ ቀኑን አረጋግጥ፤ በቃል የምታስታውሰው ቀን ሥራ የጀመርክበት፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ደግሞ ውሉ የተፈረመበት ሊሆን ይችላል። ሳምንት ጨምርበት። የደብዳቤው ቅጂ ላይ መዝገብ ቤት ማህተምና ቀን ያድርግልህ፤ «ደብዳቤው አልደረሰንም» የሚባለው ቅጂ ሳይያዝ ሲቀር ነው።

ፈቃዱን በተመለከተ፦ በአዋጁ የመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፣ በየሁለት ተጨማሪ ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። የሁለት ዓመቱ ተደምሮ 34 የሥራ ቀን አካባቢ ይኖርሃል። ፈቃድ ከሁለት ዓመት በላይ አይተላለፍም፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ዓመት ፈቃድህ መቼ እንደሚቃጠል ሰው ሀብቱን ጠይቅ። ስትወጣ ያልተጠቀምክበት በገንዘብ ይከፈላል።

ከደብዳቤው በፊት የሚታዩ ሌሎች ነገሮች አሉ። ለማንም ሰው በደመወዝህ ዋስ ሆነህ ከሆነ ክሊራንሱ እዚያ ላይ ይቆማል፤ ዋስትናውን የሚተካ ሰው ማግኘት ወር ይፈጃል። በእጅህ ያለ የድርጅት ንብረት ሁሉ በሰነድ ይመለስ፤ ክፍያው በ7 የሥራ ቀን ውስጥ መሰጠት ያለበት ቢሆንም ንብረት ያልመለሰ ሠራተኛ ሊዘገይበት ይችላል። የጡረታ መዋጮም ይታይ፦ ከአንተ 7 ከመቶ፣ ከአሠሪው 11 ከመቶ። ከደመወዝ ተቆርጦ ገቢ ያልሆነ ወር ካለ እዚያው እያለህ ማስተካከል ይቀላል። በ60 ዓመት የዘለቄታ አበል ለማግኘት ቢያንስ የ10 ዓመት አገልግሎት ያስፈልጋል፤ ያንተ 5 ሜዳ ላይ አይቀርም፣ ነገ ተመልሰህ ብትቀጠር ይደመራል። የጡረታ መለያ ቁጥርህንና የሥራ ልምድ ደብዳቤህን ይዘህ ውጣ።


የሐሙስ ገበያ
መጋቢት 10፣ ጠዋት 1፡20

አዋጁን ሒሳብ ክፍል በደንብ አስቀምጦታል። እኔ በወጥ ቤቱ በኩል ልግባ።

380,000 ብር አንድ ገንዘብ አይደለም። ሦስት ቦታ ካልተከፈለ ቡናው ወጥ ቤቱን ይበላዋል ወይም ወጥ ቤቱ ቡናውን ይበላዋል። አንደኛው የቤት ገንዘብ ነው፣ ሁለተኛው የእሸት መግዣ፣ ሦስተኛው አልጋ፣ ጆንያ፣ ማመላለሻና የቀን ሠራተኛ የሚከፈልበት። በሦስት የባንክ ደብተር ይቀመጥ፤ የቤቱ ደብተር በባለቤትህ ስም ይሁን። ገበሬው ፊትህ ቆሞ «ይህችን ሁለት ኩንታል ጨምር» ሲልህ የቤት ኪራዩን አውጥተህ እንዳትሰጥ የሚከለክልህ ይኼ ብቻ ነው።

የቤት ገንዘብ ስንት ወር ይበቃዋል ለሚለው፣ ከጥቅምት ቁጠር። እሸት የሚገዛው በጥሬ ገንዘብ በዕለቱ ነው። የደረቀው ተሽጦ ገንዘቡ እጅ የሚገባው ጥር ወይም የካቲት ነው፣ ያውም ገዢው ካላዘገየ። ዋጋ ወርዶ «ትንሽ ልያዘው» ካልክ ሚያዝያ ይደርሳል። ስለዚህ ስድስት ወር አይበቃም፤ ዘጠኝ ይሁን። ጉድለቱ በወር 10,000 ስለሆነ 90,000 ብር። ዕቁቡም ከጥቅምት እስከ ጥር አራት ወር አለበት፣ 20,000። ድምር 110,000 ብር ለቤት ይቆለፍ። የልጆች ምዝገባና ዩኒፎርም ነሐሴና መስከረም ላይ ስለሚወጣ ደመወዝ እያለ ይከፈል፤ ይህም ነሐሴ መጨረሻ አይለቀቅ ለሚለው ሌላ ምክንያት ነው።

ስለ ዕጣው፦ ዛሬውኑ ዳኛውንና ጸሐፊውን አነጋግሩ። ዕጣ የወጣለት ሰው በስምምነት ይለዋወጣል። 60,000ው ሚያዝያ ላይ ቢደርስህ ለቤት ዕቃ ይጠፋል፣ ጥር ላይ ቢደርስህ እሸቱ አልፏል። የሚያስፈልግህ ጥቅምት ላይ ነው። ስትወስድ ዋስ ትጠየቃለህ፤ ሥራ የለቀቀ ሰው ዋስ ማግኘት ስለሚከብደው ደብዳቤው ሳይገባ ዋሱን አዘጋጅ።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ፤ የምትሸሸው ሥራውን ነው ወይስ አለቃውን? አለቃ ከሆነ ዝውውር ይበቃል፣ ቡናም አለቃ አለው። አራት ሳምንት ሙሉ በየማታው አንድ መስመር ጻፍ፦ ዛሬ «በቃኝ» ያልኩት በስንት ሰዓት፣ በምን ምክንያት። ሁልጊዜ የአንድ ሰው ስም የሚመጣ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው።


ቆጪ ሰፈር
መጋቢት 10፣ ቀን 6፡05

ሁላችሁም «ቆይ፣ ቆይ» እያላችሁት ነው። ቡና በወኪል አይደርቅም። ማታ 4 ሰዓት ዝናብ ሲመጣ ሸራ የሚያለብስ ባለቤቱ ነው። ጥቅምት አጋማሽ ድረስ ቢሮ ተቀምጦ አልጋ ማን ይሠራለታል? ዝቅ ካለው አካባቢ እሸት ጥቅምት ላይ ገበያ ላይ ነው። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። 38,500 ብር ብሎ አንድ ሙሉ የእሸት ወቅት ቢያልፈውስ? የሚጠብቀው እኮ እስከ ሌላ ዓመት ነው።


ጀንፈል
መጋቢት 10፣ ማታ 1፡30

ቆጪ ሰፈር ስለ ሸራው ያልከው እውነት ነው። ስለ ወቅቱ ግን ልጨምር። የጅማ አካባቢ ለቀማ በአንድ ቀን አይከፈትም። ቆላማው ይቀድማል፣ ደጋማው ይከተላል፤ ብዛቱ የሚመጣው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ነው። የጥቅምት የመጀመሪያ ለቀማ ትንሽ ነው፣ ዝናቡም ገና አልለቀቀም፣ ለጀማሪ የሚበላሸውም እሱ ነው። ጥቅምት 20 የጀመረ ሰው ወቅት አላለፈውም።

አልጋውን በወጪ እንየው። ስፋት 1.2 ሜትር፣ ርዝመት 20 ሜትር፣ ከመሬት ከፍታ 80 ሴንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር፣ ማለትም 24 ካሬ ሜትር። እግሮቹ በየ2 ሜትሩ በሁለት ወገን 22 የባሕር ዛፍ አጣና፤ እያንዳንዱ 1.3 ሜትር ተቆርጦ ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ይቀበራል። ላዩ ላይ ርብራብ፣ ከዚያ ወንፊት ሽቦ። ሽቦው ካልተወጠረ መሃሉ ይረግባል፣ እሸቱ ወደ ጎድጓዳው ይከማቻል፣ እዚያ ይሻግታል። ከ1.2 ሜትር በላይ አታስፉት፤ ለማገላበጥ እጅ መሃል አይደርስም።

ቀይ እሸት በካሬ ሜትር ከ12 ኪሎ ብዙም አይበልጥ። አንዱ አልጋ 300 ኪሎ ይይዛል ማለት ነው። ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ እሸት በዝቶ ሲመጣ አልጋ ሳይጨምር ውፍረት ይጨምራል። ከታች ያለው አየር አያገኝም፣ በሦስተኛው ቀን ይቦካል፣ ሽታው እስከ ስኒ ድረስ ይከተላል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በየሰዓቱ ይገላበጥ። ማታና ዝናብ ሲመጣ ይሸፈን፣ ጠዋት ጤዛው ሲነሳ ይገለጥ። ሸራው ፍሬውን እንዳይነካ ከፍ ያለ መደገፊያ ይኑረው፤ ከነካው ላብ ይሠራል። እስኪደርቅ እንደ አየሩ 15 እስከ 21 ቀን፣ ደመና ከበዛ ከዚያም በላይ።

መሬት ላይ ማድረቅ እንዳታስቡ። «ጅማ 5» የሚባለው ደረጃ በዓለም ገበያ ስሙ የሚታወቀው በዝቅተኛነቱ ነው። ዛፉ ምንም አላጠፋም፤ ቅጠልም ጥሬም አብሮ መሸምጠጥ፣ መሬት ላይ ማስጣት፣ ሳይደርቅ መከመር ነው ያጠፋው። ይህን ስም የማንጻት ዕድል በእያንዳንዱ አድራቂ እጅ ነው ብዬ አምናለሁ።

ፈቃዱ ደግሞ ከአልጋው ይቀድማል። በቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1051/2009 መሠረት የብቃት ማረጋገጫና የንግድ ፈቃድ ሳይኖር እሸት መግዛት ሕገ ወጥ ነው፤ ግብይቱም በተወሰነለት የመጀመሪያ ደረጃ ግብይት ቦታ እንጂ በየገበሬው ጓሮ አይደለም። መንገድ ላይ የተያዘ ቡና ጣጣው ከባድ ነው። የብቃት ማረጋገጫው ማድረቂያና መጋዘን በአካል ታይቶ ስለሚሰጥ «ፈቃድ ላውጣና አልጋ እሠራለሁ» አይሠራም፤ ቅደም ተከተሉን ከወረዳው ቡና ጽሕፈት ቤት ጠይቁ።


ሒሳብ ክፍል
መጋቢት 10፣ ማታ 2፡50

ጀንፈል ስለ ፈቃድ ያነሳውን ከቀን መቁጠሪያው ጋር ላገናኘው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ያልቃል። ግንቦት ላይ ንግድ ፈቃድ ያወጣ ሰው አንድ ኪሎ ሳይገዛ ሐምሌ ላይ የዓመቱን ግብር ያስታውቃል፣ ፈቃዱንም ለማደስ ይሰለፋል። ከሐምሌ 1 በኋላ ያውጣ።


ጅሬን ማዶ (ጠያቂ)
መጋቢት 11፣ ማታ 1፡10

እግዜር ይስጥልኝ። እትዬ የሐሙስ ገበያ፣ መስመር መጻፉን ዛሬ ጀምረናል። ከ380,000 ላይ 110,000 ለቤት ቢቆለፍ 270,000 ይቀራል። 200,000ውን ለእሸት፣ 70,000ውን ለአልጋና ለሥራ ማስኬጃ ብናደርገው ጥቅምት መጨረሻ ለመጀመር ይበቃል ወይ?


ሒሳብ ክፍል
መጋቢት 11፣ ማታ 3፡00

ለመጀመር ይበቃል። ለመኖር ግን አይበቃም። ቀስ ብለህ ተከታተለኝ።

ለስሌት እንዲመች እሸት በኪሎ 100 ብር እንበል፤ የዕለቱን ዋጋ አንተ ትተካለህ። 200,000 ብር 20 ኩንታል እሸት ይገዛል። ቀይ ብቻ ከተለቀመ አንድ ኪሎ የተፈለፈለ ቡና ለማግኘት 5.7 ኪሎ እሸት ያህል ይፈጃል ብለን እንያዝ። 2,000 ለ5.7 ሲካፈል 351 ኪሎ። በፈረሱላ፣ በ17 ኪሎ ማለት ነው፣ 20 ከግማሽ ገደማ። የእሸቱ ዋጋ ብቻ በኪሎ 570 ብር አረፈብህ። ወጪ ሁሉ ተነስቶ 15 ከመቶ ቢተርፍ፣ በኪሎ 85 ብር ግድም፣ 351 ጊዜ 85 ወደ 30,000 ብር ነው። የቤትህ ጉድለት በወር 10,000 ነው። የአንድ ወቅት ልፋት የሦስት ወር ጉድለት ሸፈነ፤ ዘጠኙን ወር ከቁጠባ በላህ። በሁለተኛው ዓመት ዋናው ገንዘብም ይነካል።

ያውም ሁሉ ነገር ከተሳካ። ጥሬና ባዶ ፍሬ ተቀላቅሎ ከገባ 5.7ቱ 6.5 ይሆናል። ያኔ የእሸቱ ዋጋ በኪሎ 650 ብር ነው። ልዩነቱ 80 ብር ስለሆነ 85ቱን ትርፍ ከሞላ ጎደል ይበላዋል። ስትገዛ በውኃ በርሜል ፈትሽ፤ የሚንሳፈፈው ይለቀም።

አሁን በተቃራኒው እንሂድበት። ዓመቱን ሙሉ በወር 10,000 ለማግኘት 120,000 ብር ያስፈልጋል። ለ85 ሲካፈል 1,412 ኪሎ ንጹህ ቡና፣ ይህም 80 ኩንታል እሸት፣ በ100 ብር ሂሳብ 805,000 ብር ነው። የመጀመሪያው ዙር ደርቆ ተሽጦ ግማሹ ገንዘብ በዚያው ወቅት እንደገና እሸት ቢገዛ፣ ማለትም ገንዘቡ አንድ ከግማሽ ጊዜ ቢዞር፣ 540,000 ብር ገደማ ይበቃል። ያንተ 200,000 ነው።

«መቼ» ለሚለው መልሱ እንግዲህ ቁጥር ነው። የእሸቱ ደብተር ብቻውን፣ የቤቱ 110,000 ሳይነካ፣ ወደ 540,000 ሲጠጋ። ወይም የቤቱ ጉድለት ሲቀንስ፤ ባለቤትህ 3,000 ብር የምታስገኝበት ተጨማሪ መንገድ ካለ ጉድለቱ 7,000 ይሆናል፣ የሚያስፈልገው የእሸት ገንዘብም በዚያው ልክ ከ540,000 ወደ 380,000 ግድም ይወርዳል። ጉድለቱ ላይ መሥራት ካፒታሉ ላይ ከመሥራት ይቀልላል።


ቆጪ ሰፈር
መጋቢት 11፣ ማታ 3፡35

ሒሳቡ ልክ ነው፣ እቀበላለሁ። ቢሮ ተቀምጦ ግን 200,000 መቼም 540,000 አይሆንም፤ በቁጠባ ብቻ እኮ ስንት ዓመት ነው። እውቀቱም አይመጣም። ስለዚህ ይህን ወቅት በፈቃዱ ይግባበት። 34 የሥራ ቀን አለው አይደል? ኅዳር ላይ ይውሰደው።


ጀንፈል
መጋቢት 12፣ ጠዋት 12፡50

ይኼኛው ጥሩ ነው። 34 የሥራ ቀን ከነሰንበቱ ከአምስት ሳምንት ይበልጣል። አንድ አልጋ ተሞልቶ እስኪነሳ ሦስት ሳምንት ነው። ከኅዳር 5 እስከ ታኅሣሥ 10 ብትገባ አንድ ሙሉ ዙር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ የሁለተኛውን ደግሞ ግማሽ ታያለህ።

ፈቃድ የሌለው ሰው እሸት መግዛት አይችልም ብያለሁ፤ ስለዚህ ያለህ መንገድ ፈቃድ ካለው አቅራቢ ጋር በሸሪክነት መግባት ወይም የቡና መሬት ያለው ቤተሰብ የራሱን ምርት ሲያደርቅ አብሮ መሥራት ነው። በሸሪክነት ከገባህ ገንዘብህን በሙሉ አታስገባ። 100,000 ብር፣ 10 ኩንታል። በሦስት ለቀማ ቢመጣ በእያንዳንዱ 330 ኪሎ ግድም ነው፤ አንድ አልጋ ሞልቶ ትንሽ ይተርፋል፣ ሁለት አልጋ ይበቃሃል።

በእነዚያ ሳምንታት የምትለካው ይኼ ነው፦ የገባ እሸት በኪሎ፣ የተንሳፈፈ በኪሎ፣ የወጣ ጀንፈል (ከነገለባው የደረቀ ቡና) በኪሎ፣ ከመፈልፈያ የወጣ ንጹህ ቡና በኪሎ። የሒሳብ ክፍል 5.7 ያንተ እጅ ላይ ስንት እንደሚሆን የሚያሳይህ ይህ መዝገብ ነው። 6.3 ካየህ 540,000ውም በቂ አይደለም።

እርጥበት ላይ ደግሞ በዓይንና በጥርስ ብቻ አትመን። ጀንፈል ሲናጥ መንኳኳቱ ጥሩ ምልክት ነው፣ ግን 14 ከመቶም ይንኳኳል። ከ11 እስከ 12 ከመቶ ሲደርስ ይነሳ። ከ12 በላይ የከመረ በመጋዘን ይሻግትበታል። «እንዳይመለስብኝ» ብሎ 9 ያደረሰ ደግሞ ክብደት ይከስራል፦ 1,000 ኪሎ በ12 ከመቶ የነበረ ቡና 9 ላይ 967 ኪሎ ነው፤ ሁለት ፈረሱላ ሊሞላ አንድ ኪሎ የቀረው ቡና በነፋስ ተወሰደ። የእርጥበት መለኪያ ያለው አቅራቢ ጋር ሸሪክ መሆን አንዱ ጥቅሙ ይኼ ነው። በቃጫ ጆንያ ይቀመጥ፣ በማዳበሪያ ከረጢት አይደለም፤ ከግድግዳና ከወለል ይራቅ።


የሐሙስ ገበያ
መጋቢት 12፣ ቀን 7፡15

ሸሪክነት ሲባል በእምነት ብቻ እንዳይሆን። ወረቀቱ ላይ እነዚህ ይኑሩ፦ ማን ስንት ብር አገባ፣ ትርፉ በስንት ይከፈላል፣ ኪሳራው በስንት። ብዙ ሰው የትርፉን ጽፎ የኪሳራውን ይረሳል፣ ጠቡም የሚነሳው ከዚያ ነው። የመጋዘን ቁልፍ ሁለት ይሁን፣ አንዱ ብቻውን እንዳይከፍት። ለመሸጥ የሁለቱ ስምምነት ያስፈልጋል ወይስ የአንዱ ይበቃል? እስከ ስንት ቀን ድረስ ነው ዋጋ የሚጠበቀው? «መጋቢት 1 ያልተሸጠ በዕለቱ ዋጋ ይሸጣል» የሚል መስመር ይግባ። ሦስት እማኝ ይፈርም፣ ቅጂው ለየራስ።

የመመለሻውንም መስመር ከአሁኑ በቁጥር አስቀምጡ። ነገ ሥራውን ለቅቀህ በምትገባበት ዓመት የቤቱ ደብተር የሦስት ወር ጉድለት መሸፈኛ ብቻ ሲቀረው፣ ማለትም 30,000 ብር ሲደርስ፣ በዚያው ሳምንት ሥራ መፈለግ ይጀመር። ማስታወቂያ፣ ፈተና፣ ቃለ መጠይቅ ተብሎ የመጀመሪያ ደመወዝ እስኪወጣ ሦስት ወር አይበዛበትም። ደብተሩ ባዶ ሲሆን የተነሳ ሰው ያገኘውን ሁሉ ይቀበላል። ይህን ቁጥር ባለቤትህም ትወቀው፤ ያን ቀን «ትንሽ እንታገስ» የምትለው አንተ ትሆናለህ፣ የምታስታውስህ እሷ ናት።


ጅሬን ማዶ (ጠያቂ)
መጋቢት 13፣ ማታ 2፡00

ዕቅዱን እንደገና ጻፍነው። ዘንድሮ ደብዳቤ አይገባም። ዕጣውን ወደ ጥቅምት ለማዛወር ዳኛውን አነጋግረናል። ኅዳር 5 ፈቃድ፣ 100,000 ብር በሸሪክነት፣ መዝገብ መያዝ። የካቲት ላይ ሂሳቡን አይተን፣ ለከርሞ ሐምሌ የራስ ፈቃድ፣ ደብዳቤው ለከርሞ መስከረም። የቀረኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ ከርሞ ቡናው ባይዝስ? ጎማ ላይ «አንድ ዓመት ይሰጣል፣ አንድ ዓመት ያርፋል» ይባላል።


ሒሳብ ክፍል
መጋቢት 13፣ ማታ 2፡25

የፈቃዱን ማመልከቻ አሁን አስገባ፤ ኅዳር የዓመት ፈቃድ ፕሮግራም ላይ ካልተያዘ አሠሪው በሥራ ምክንያት ሊያዛውረው ይችላል። ከዚያ ውጪ የማስተካክለው የለኝም። የቡናውን ጥያቄ ለመልኮ መንገድ እተወዋለሁ።


መልኮ መንገድ
መጋቢት 14፣ ጠዋት 2፡10

የተባለው እውነት ነው። በተለይ ያልተገረዘና ጥላ ያነሰው ቡና አንድ ዓመት ከአቅሙ በላይ ይሸከማል፣ በሚቀጥለው ዓመት ቅርንጫፉ ይደክማል። ስለዚህ በአንድ የጥጋብ ዓመት የተሠራ ዕቅድ አይታመንም፤ ሸሪክ ሆነህ የምትገባበት ወቅት ሞልቶ ከተገኘ ለከርሞ ያነሰ እሸትና የተወደደ ዋጋ ጠብቅ። ደጉ ነገር፣ ዛፉ ከደብዳቤው በፊት ይናገራል። ማዳመጫው ሦስት ጊዜ ነው።

የመጀመሪያው አበባው ነው። በጋው ካደረቀው በኋላ የበልግ ዝናብ ሲመታው ቡና በሳምንት አሥር ቀን ውስጥ ያብባል፤ ከአበባ እስከ ቀይ ፍሬ ስምንት ዘጠኝ ወር ይፈጃል። አበባ ብቻ አይቶ የሚደሰት ይሳሳታል። ዝናቡ አንድ ጊዜ ጥሎ ከጠፋ አበባው ሳይይዝ ይረግፋል፤ ዝናቡ እየተቆራረጠ ከመጣ ደግሞ በተለያየ ጊዜ ያብባል፣ ለቀማውም ይበታተናል፣ አልጋህ አንዴ ባዶ አንዴ ሞልቶ የፈሰሰ ይሆናል።

ሁለተኛው ግንቦት መጨረሻ ነው። ፍሬው የክብሪት ራስ አክሎ ታያለህ። ሦስተኛው ነሐሴ ነው። በክረምቱ የቡና ፍሬ በሽታ ጥሬውን ይመታል፤ አረንጓዴው ፍሬ ላይ ጥቁር ሰርጎድ ያለ ነጠብጣብ ወጥቶ ውስጡን ያበሰብሰዋል። እርጥበትና ቅዝቃዜ ስለሚወድ ከቆላው ይልቅ ደጋው ይጎዳል። በኢትዮጵያ የታየው በ1971 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ የመልኮው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከልም እነ 74110፣ 74112፣ 74158ን የመሰሉ የሚቋቋሙ ዝርያዎችን መርጦ አውጥቷል። እሸት የምትገዛበት ቀበሌ የአካባቢ ነባር ቡና ነው ወይስ እነዚህ ዝርያዎች የተተከሉበት ብለህ ጠይቅ፤ ክረምቱ ከባድ በሆነ ዓመት ልዩነቱ ትልቅ ነው።

እንዲህ አድርግ። ከምትገዛባቸው አካባቢዎች አራት ማሳ ምረጥ፣ ሁለት ዝቅ ካለው፣ ሁለት ከፍ ካለው፤ ባለቤቱን አስፈቅድ። በእያንዳንዱ አምስት ዛፍ፣ ዳር ዳሩን ትተህ ከመሃል። በየዛፉ ወገብ ከፍታ ላይ አንድ ቅርንጫፍ ላይ ቀይ ክር እሰር። ግንቦት 25 አካባቢ ክር ባለው ቅርንጫፍ ላይ ያለውን ፍሬ ሁሉ ቆጥረህ ጻፍ። ነሐሴ 20 አካባቢ ያንኑ ቅርንጫፍ ደግመህ ቁጠር፤ የረገፈውን፣ ጥቁር ነጠብጣብ ያለበትን ለየብቻ። ከፊሉ መርገፉ የተፈጥሮ ስለሆነ አያስደንግጥህ። የምታነጻጽረው የዘንድሮውን ከከርሞው ጋር ነው፤ ለዚህ ነው ቆጠራው ዘንድሮ መጀመር ያለበት። ሃያው ቅርንጫፍ ላይ የከርሞው የነሐሴ ድምር ከዘንድሮው በግማሽ ካነሰ ደብዳቤውን መስከረም ላይ አታስገባ፤ በደመወዝ ላይ ሆነህ ለሁለተኛ ጊዜ በፈቃድና በሸሪክነት ግባ። ደጋው ብቻ ወርዶ ቆላው ካልወረደ መግዣህን ወደዚያ አዙር፤ ያኔ ለቀማው ስለሚቀድም አልጋው መስከረም መጨረሻ ላይ ዝግጁ ይሁን።

ክሩ ዝናብ የማይበላው ይሁን። የጥጥ ክር ክረምቱን አይሻገርም።